ጡንቻችን እንዴት ይጎትታል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተነሡት ጓደኞቼ ስለ አገር ታሪክና ስለ ሥነ ጽሑፍ መልካም ንግግር አድርገዋል። እኔ ደግሞ በባዮሎጂ መምህራችን ፈቃድ በዓይን ስለማይታይ አንድ ሠራተኛ ልነግራችሁ ተነሥቻለሁ። ስሙ ማዮሲን ይባላል። ስሙ ከውጭ የመጣ ቢሆንም እርሱ ራሱ ግን የቤታችን ነው፤ በእያንዳንዳችን ጡንቻ፣ በበሬዎቻችን ጫንቃ፣ በጓሳ ሜዳ ተቀምጦ ሣር በሚነጨው ጭላዳ ጣት ውስጥ ሁሉ ይገኛል። አሁን እኔ ምላሴን የማንቀሳቅሰው፣ እናንተም ዓይናችሁን ወደዚህ የምታዞሩት በእርሱ ነው።

በአማርኛችን ጉልበት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል፤ አንዱ በጭንና በቅልጥም መካከል ያለውን መታጠፊያ፣ ሁለተኛውም ኃይልን ነው። አባቶቻችን ይህን ስም ያወጡት ከባድ ሸክም ይዞ የሚነሣ ሰው ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አይተው ይመስለኛል። ነገር ግን ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው እንጂ ራሱ አይጎትትም። የሚጎትተው ከበላዩ ያለው የጭን ጡንቻ ነው። ጡንቻም በበኩሉ መጎተት እንጂ መግፋት አይችልም። ክንዳችንን የሚያጥፈው ከፊት ያለው ጡንቻ ሲሆን መልሶ የሚዘረጋው ከኋላ ያለው ነው። ዕርፉን ወደ ታች የሚጫነው ገበሬ እየገፋ ይመስለዋል፤ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ጡንቻ ግን ሁሉም በየፊናው እየጎተተ ነው።

ታዲያ ጡንቻ ሲጎትት በውስጡ ምን ይሆናል? ብዙ ሊቃውንት በጡንቻ ውስጥ ያሉት ክሮች እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እንደሚኮማተር ራሳቸው የሚኮማተሩ ይመስላቸው ነበር። በ1864 እ.ኤ.አ. ቪልሄልም ኩነ የተባለው ጀርመናዊ ከእንቁራሪት ጡንቻ አንድ ፕሮቲን አውጥቶ ማዮሲን ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ ሰባ ዓመት ያህል የተገኘው ነገር ጥቂት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ግን በሀንጋሪ አገር በሴገድ ከተማ አልበርት ሴንት ጆርጂና የሥራ ጓደኞቹ ሁለተኛውን ፕሮቲን አገኙ፤ አክቲን ተባለ። ማዮሲንና አክቲንን አቀላቅለው በመስታወት ላይ ቀጭን ክር ሠሩና ኤ.ቲ.ፒ. የተባለውን ንጥረ ነገር ጨመሩበት። ክሩ ተኮማተረ። አስቡት፤ እንስሳ የለም፣ ነርቭ የለም፣ ደም የለም፤ በመስታወት ላይ የተኛ ክር ግን እንደ ሕያው ጡንቻ ተንቀሳቀሰ። እኔ በባዮሎጂ መጽሐፍ ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል ያስደነቀኝ ነገር የለም።

ምሥጢሩ ይበልጥ የተገለጠው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት ሁለት የተለያዩ ጥንዶች፣ በአንድ በኩል አንድሩ ሐክስሊና ሮልፍ ኒደርገርከ፣ በሌላ በኩል ሂው ሐክስሊና ጂን ሐንሰን፣ ኔቸር በተባለው መጽሔት በአንድ እትም ላይ አንድ ዓይነት ነገር አስታወቁ። (ሁለቱ ሐክስሊዎች ስማቸው ይገጥማል እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም።) የነገሩም ፍሬ ጡንቻ ሲያጥር በውስጡ ያሉት ክሮች አያጥሩም የሚል ነበር። የግራ እጃችሁን ጣቶች በቀኝ እጃችሁ ጣቶች መካከል አስገቡና ሁለቱን እጆች አቀራርቡ፤ ጣቶቻችሁ አላጠሩም፤ እርስ በርሳቸው ዘልቀው ገቡ እንጂ። ወፍራሙ ክር ማዮሲን ነው፤ ቀጭኑ አክቲን ነው። ከወፍራሙ ክር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ራሶች ወጥተው ቀጭኑን ክር እየያዙ ይስባሉ፤ ይለቃሉ፤ ወደፊት ዘርግተው እንደገና ይይዛሉ።

ይህን ነገር በአገራችን ምሳሌ ብናስረዳው ከደቦ የተሻለ አላገኘሁም። የቤት ምሰሶ የሚሆን ትልቅ ግንድ በገመድ ሲጎተት አይታችኋል። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ እጁን ቢለቅ ግንዱ ወደ ቁልቁለቱ ይመለሳል። ስለዚህ ገሚሱ ይዞ ሲስብ ገሚሱ እጁን አሳልፎ ይይዛል። የማዮሲን ራሶችም ሥራ እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ አዝማች የሌላቸው መሆኑ ነው። አንዱ ራስ በአንድ ጊዜ የሚስበው ርቀት አንድ ሚሊሜትር ለመቶ ሺህ ቢከፈል አንዱን ያህል ነው። ይህ ከምንም የማይቆጠር ይመስላል። ነገር ግን የጡንቻ ክፍሎች፣ ሳርኮሜር የሚባሉት፣ እንደ ዶቃ በመስመር የተሰኩ ናቸው፤ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ አራት ሺህ ያህል ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ከርዝመቱ አንድ አሥረኛ ቢቀንስ ሳንቲ ሜትሩ በአንድ ሚሊሜትር ያጥራል፤ በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ መስመሮች ጎን ለጎን ሆነው አብረው ሲስቡም ድንጋይ ይነሣል።

ይህ ሁሉ ደቦ ያለ ስንቅ አይሠራም። ስንቁ ያ በሀንጋሪ ክሩ ላይ የጨመሩት ኤ.ቲ.ፒ. ነው፤ ሰውነታችን ከምንበላውና ከምንተነፍሰው ያዘጋጀዋል። በጡንቻ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚገኘው ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ የሚበቃ ስለሆነ ዘወትር እየተሠራ እየፈረሰ ይኖራል። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ማዮሲን ስንቁን የሚፈልገው ለመያዝ ነው ወይስ ለመልቀቅ? በክፍላችን ስንጠየቅ ሁላችንም «ለመያዝ» አልን። መልሱ ግን ለመልቀቅ ነው። ኤ.ቲ.ፒ. በማዮሲን ራስ ላይ ሲያርፍ ራሱ አክቲንን ይለቃል፤ ከዚያ ኤ.ቲ.ፒ.ውን ሰብሮ እንደ ወጥመድ ይወጠራል፤ እንደገና አክቲንን ሲይዝ ያ የተወጠረው ይፈታና ይስባል። ስንቁ ካለቀ ግን ማዮሲን እንደያዘ ይቀራል።

ማስረጃውን ሁላችሁም በቤታችሁ አይታችሁታል። ለበዓል በግ ሲታረድ ገና ትኩስ ሆኖ የተቆረጠ ሥጋ በትሪ ላይ ሲርገበገብ ልጆች እየጮኹ ይሸሻሉ። በጉ ሞቷል፤ በሥጋው ውስጥ ያለው ስንቅ ግን ገና አላለቀም፤ ማዮሲኑም እየያዘ እየለቀቀ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያው ሥጋ ይደርቃል፤ እግሩን ለማጠፍ ብትሞክሩ እምቢ ይላል። ስንቁ አለቀና ማዮሲን ሁሉ እንደያዘ ቀረ ማለት ነው። ቆይቶ ደግሞ ፕሮቲኖቹ መፈራረስ ሲጀምሩ ሥጋው ይላላል። ሰው ሲሞት ገናዦች ሳይውሉ ሳያድሩ እጅና እግሩን የሚያቃኑት ስለዚህ ነው። ማዮሲን የሚል ቃል ሰምተው አያውቁም፤ ሰዓቱን ግን ያውቁታል። ትምህርት የሌላቸው ሰዎች የሚያውቁትን ነገር እኛ ተማሪዎች በመጽሐፍ ስናገኘው እንደ አዲስ ግኝት እንቆጥረዋለን።

ወደ ራሳችን አገር አየር እንለፍ። የምንኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ባናና በርኖስ ባይኖር እንዴት ይታደር ነበር? ብርድ ሲበረታ ሰውነታችን ሳናዝዘው ይንቀጠቀጣል። ጡንቻ ሲሠራ ከሚያወጣው ኃይል ወደ ሥራ የሚለወጠው አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ገበሬው በውርጭ ማለዳ ጥማዱን ይዞ ሲያርስ ከግንባሩ ላብ የሚወርደው ለዚህ ነው። ሰውነት ብርድ ሲይዘው ሙቀቱን ፈልጎ ጡንቻን ያለ ሥራ ያሠራዋል፤ መንቀጥቀጥ ማለት ይህ ነው። የበርኖስም ሥራ ይህን ማዮሲን ያወጣውን ሙቀት እንዳይበተን መያዝ ነው፤ በርኖስ በራሱ አይሞቅም።

ከመርሐቤቴ የመጡት ጓደኞቻችን ደግሞ ሌላ ነገር ይመሰክራሉ። ከደጋው ወደ ወንጪት ወይም ወደ ጀማ ወርዶ መውጣት ያለበት ሰው ዳገቱ ልቡን ያደክመዋል፤ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ጭኑን የሚያመው ግን ቁልቁለቱ ነው። ይህ ነገር እንግዳ ይመስላል፤ ቁልቁለት ቀላል አይደለምን? ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዳገት ስንወጣ የጭን ጡንቻ እየሳበ ያጥራል። ቁልቁለት ስንወርድ ግን ያው ጡንቻ እንዳንወድቅ እየያዘን ሳለ ክብደታችን በግድ ያስረዝመዋል። ማዮሲን ይዞ ሳለ ክሩ ይጎተትበታል፤ ደካማ የሆኑት ሳርኮሜሮችም ይለጠጡና ይጎዳሉ። ሕመሙ ይህ ጉዳት ሲጠገን የሚሰማ ነው። ቁልቁለቱን የለመደ ሰው ጡንቻ ግን ከተጠገነ በኋላ ይበረታል፤ የቆላ ገበያተኛ በሳምንት ሁለት ጊዜ ወርዶ ወጥቶ ምንም የማይለው ለዚህ ነው።

ስለ ጡንቻ በሸዋ ሲነገር ሻምበል አበበ ቢቂላን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። የተወለደው ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በጃቶ መንደር ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ማታ፣ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጠ፤ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ፤ ካሸነፈም በኋላ በሜዳው ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ጡንቻችን ሁለት ዋና ዓይነት ክሮች አሉት። ፈጣኑ ክር ብዙ ስንቅ እየበላ ፈጥኖ ይስብና ፈጥኖ ይደክማል፤ ዝግተኛው ክር በጥቂት ስንቅ በዝግታ እየሳበ ለረጅም ጊዜ ይዘልቃል። የታወቁ የማራቶን ሯጮች እግር በአብዛኛው በዝግተኛው ክር የተሞላ ነው። በዚህ በዝግተኛው ክር ውስጥ ያለው ማዮሲን በልባችን ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ልብ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል፤ ዕረፍት የለውም። የረጅም መንገድ ሯጭ እግር ከልብ ጋር አንድ ማዮሲን መካፈሉ ለእኔ ተገቢ ሆኖ ይታየኛል።

ነገር ግን የአበበ ታሪክ በቶኪዮ አያበቃም። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሸኖ አጠገብ በመኪና አደጋ ሕብለ ሰረሰሩ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ በእግሩ አልሄደም። እዚህ ላይ የጡንቻን ሥራ የሚያስረዳ ከባድ ነገር አለ። አደጋው በደረሰ ሰዓት በእግሮቹ ውስጥ ያለው ማዮሲን ምንም አልሆነም ነበር። ሮምንና ቶኪዮን የሮጠው ያው ማዮሲን በቦታው አለ፤ ስንቁም አለ። የጠፋው ትእዛዙ ነው። ማዮሲን አክቲንን እንዳይዝ ዘወትር የሚከለክል መጋረጃ በአክቲን ላይ አለ፤ ከአእምሮ የመጣ መልእክት በሕብለ ሰረሰርና በነርቭ በኩል ጡንቻ ሲደርስ በጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ መጋረጃው ገለል ይላል። መንገዱ ሲቆረጥ ካልሲየሙ አይፈስስም፤ መጋረጃውም አይገለጥም። ብርቱ ሠራተኞች ገመዱ አጠገብ ቆመው ጥሪ እየጠበቁ ይቀራሉ። አበበ ግን የእጆቹ ጡንቻ ትእዛዝ ይሰማ ስለነበር በእንግሊዝ አገር ሲታከም ቀስት መወርወር ተማረ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. በዚያው በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተወዳደረ። በ1966 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ዐረፈ።

ማዮሲን በጡንቻ ውስጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል በወገቡ ዙሪያ የማዮሲንና የአክቲን ቀለበት ይሠራና እንደ ከረጢት አፍ ማሰሪያ ይጠብቃል፤ እኛ ሁላችን ከአንድ ሕዋስ ተነሥተን እዚህ የደረስነው በዚህ ማሰሪያ ነው። ማዮሲን አምስት የሚባለው ደግሞ ሁለት እግር እንዳለው ተሸካሚ በአክቲን ክር ላይ እየተራመደ በሕዋስ ውስጥ ዕቃ ያደርሳል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. በጃፓን አገር በካናዛዋ የሚሠሩ ሊቃውንት ሲራመድ ፊልም አንሥተውታል። በውስጠኛው ጆሯችን ያሉት ድምፅ ተቀባይ ፀጉሮችም ያለ ማዮሲን ሰባት አይቆሙም፤ ይህ ማዮሲን የተበላሸበት ልጅ ከልደቱ ደንቆሮ ሆኖ ይወለዳል፤ ካደገም በኋላ ዓይኑ እየደከመ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ልጅ በተወለደበት ቤት ጎረቤት «እርግማን ነው» ሲል እንሰማለን። እርግማን አይደለም፤ በአንድ ፕሮቲን አሠራር ላይ ከእናትም ከአባትም የተወረሰ ስሕተት ነው። የልብ ማዮሲንም እንዲሁ ሲሳሳት የልብ ጡንቻ ይወፍራል፤ አንዳንዱ ወጣት በሩጫ ላይ ሳለ በድንገት የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑ ታውቋል። በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የማዮሲንን መሳብ የሚያበርድ መድኃኒት ለዚህ በሽታ ተፈቅዷል።

አሁን ወደ ወላጆቻችን እመለሳለሁ፤ ይህን ንግግር ለማድረግ ስጠይቅ ዋናው ሐሳቤም ይህ ነበርና።

ሰው ሲራብ ሰውነቱ መጀመሪያ ያጠራቀመውን ስኳር ይጨርሳል፤ ይህም አንድ ቀን ያህል ቢያቆየው ነው። ከዚያ ስቡን ያነድዳል፤ ነገር ግን ለአእምሮ የሚሆነውን ስኳር ከስብ በበቂ ማውጣት ስለማይችል ጡንቻውን እያፈረሰ ከፕሮቲኑ ይሠራዋል። የሚፈርሰውም ያ ማዮሲንና አክቲን ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ወሎንና ትግራይን፣ የእኛንም ሰሜን ሸዋ ባጠቃ ጊዜ ታላላቆቻችን ያዩት ይህን ነው። «ሥጋው አለቀ» ይላሉ፤ አነጋገራቸው ከማንኛውም የሳይንስ መጽሐፍ ይልቅ ትክክል ነው። የተራበ ሰው ለመነሣት የሚያቅተው ስንፍና ይዞት አይደለም፤ የሚያነሣውን ሠራተኛ ራሱ በልቶታል። የልብ ጡንቻም ሳይቀር ይቀንሳል።

ዛሬ ያን የመሰለ ረሃብ ላይ ነን አልልም። ግን ብዙዎቻችን ከገጠር መጥተን በከተማ ክፍል ተከራይተን እንማራለን፤ ስንቃችንንም ቅዳሜና እሑድ በጀርባችን ተሸክመን እናመጣለን። ያ ስንቅ በአብዛኛው ምንድን ነው? የገብስ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ደረቅ እንጀራ። ገብስ ጥሩ እህል ነው፤ የመንዝ ሰው ያለ ገብስ አልኖረም። ነገር ግን ሰውነት ፕሮቲን ለመሥራት ከምግብ ማግኘት ያለበት ዘጠኝ ዓይነት አሚኖ አሲድ አለ፤ ራሱ ሊሠራቸው አይችልም። ከእነዚህ አንዱ፣ ላይሲን የሚባለው፣ በገብስ ውስጥ ጥቂት ነው። አንዱ ሲጎድል ግንበኛው የማዕዘን ድንጋይ እንዳጣ ቤት ሥራው ይጓደላል። በባቄላ፣ በአተርና በምስር ውስጥ ግን ላይሲን ብዙ ነው፤ በእነርሱ የሚያንሰው ደግሞ በገብስ ይገኛል። እናቶቻችን ገብስና ባቄላ ቀላቅለው ንፍሮ ሲቀቅሉ፣ ስልጆና ሽሮ ከእንጀራ ጋር ሲያቀርቡ፣ ሳይነገራቸው የሚያስፈልገውን ሁሉ ያሟላሉ።

በአንዳንድ ቤት ግን ባቄላው ለገበያ፣ ገብሱ ለተማሪው ሆኗል። ይህን የማውቀው ከክፍል ጓደኞቼ የስንቅ ከረጢት ነው፤ የማንንም ስም አልጠራም። ባቄላው የሚሸጠው ለደብተርና ለቤት ኪራይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወላጅን የምወቅስበት አፍ የለኝም። ሆኖም የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጡንቻውን ገና እየሠራ ያለ ነው። ሴት እህቶቻችን ደግሞ ከትምህርት ተመልሰው ውኃ ይቀዳሉ፤ ይህም ሁሉ በዚያው ስንቅ ነው። ከሚሸጠው ቁና ላይ ጥቂት እፍኝ ባቄላ ለስንቁ ከረጢት እንድትመልሱልን እለምናለሁ። በሶው ውስጥ የተቆላና የተፈጨ ባቄላ ቢቀላቀልበት ጣዕሙ እምብዛም አይለወጥም፤ እኛ በክፍላችን ሞክረነዋል። ጥቂት መምረር አለበት የሚል አንድ ልጅ ብቻ ተገኝቷል፤ እርሱም ጨርሶ በላ።

ከንግግሩ በኋላ በባዮሎጂ ክፍል ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ ተዘጋጅቷል። በመስታወቱ ላይ ያለው ቀለም የተነከረ የጡንቻ ክር ነው፤ አራት መቶ ጊዜ ስለሚያጎላው ማዮሲንን አንድ በአንድ ባታዩትም እንደ ጥለት በየተራ የተሰለፉ ጠቆርና ነጣ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። ጠቆር ያለው መስመር ማዮሲኑ ያለበት ነው። ማይክሮስኮፑ አንድ ብቻ ስለሆነ ወላጆች ቀድመው እንዲገቡ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችም ጠረጴዛውን እንዳትገፉ አደራ እላለሁ።